ሸፊቃ ግቢ የቆመችው ካራቫን

በኮሮናው ሁለተኛ ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ አንዲት ያረጀች ነጭ ካራቫን፣ ጎማ ያላት ተጎታች ቤት፣ በፒክአፕ ተጎትታ ደቡብ አፍሪካ፣ ሮዘተንቪል ውስጥ ሸፊቃ የተከራየችው ግቢ ገባች። ሸፊቃ ምግብ እያበሰለች ለሱቅ ሠራተኞች የምትልክ የስልጤ ሴት ናት። ካራቫኗን የገዙት ከሆሳዕና አካባቢ የመጡ ባልና ሚስት፣ ሽጉጤና ኤርጎጌ ነበሩ። ፒክአፑ ፈትቷት ሲሄድ ኤርጎጌ በሩን ከፍታ ገባች። ሽጉጤ ግን ውጪ ቀርቶ ጎማዎቹን በእጁ እየተጫነ ሲመረምር ቆየ።

ከዚያ በፊት ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበራቸው። ሽጉጤ ደቡብ አፍሪካ ከገባ ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቅም። ኤርጎጌም ከመጣች በኋላ ከመደርደሪያው ጀርባ ባለችው ክፍል አብራው እየተኛች፣ በብረት ፍርግርጉ መሀል ዳቦና የሞባይል ካርድ ስትሸጥ ኖራለች። በዚያ ሐምሌ ረብሻ ሲነሳ ሰዉ የሱቁን በር ገንጥሎ ገባ። እነሱ በጓሮ አምልጠው የጎረቤት አጥር ሥር ተደበቁ።

ሽጉጤ ጎጎ ኖምሳን ያየው እዚያ ሆኖ ነው። ጎጎ ኖምሳ ከሱቁ ፊት ለፊት የምትኖር አሮጊት ነበረች፤ ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት ቀድማ የምትመጣው እሷ ናት። ዙሉ ያስተማረችው እሷ፣ ኤርጎጌ ፅንስ ያስወረዳት ጊዜ ሾርባ ይዛ መጥታ አጠገቧ የተቀመጠችውም እሷ። ያን ቀን የበቆሎ ዱቄት ጆንያ በጋሪ እየገፋች ከሱቃቸው ወጣች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አሮጊቷ ፊቷን አላዞረችም።

«ሳውቦና፣ ልጄ» ብላ ሰላም አለችው፤ እንደ ወትሮው።

«ዬቦ፣ ጎጎ» ብሎ ሰላምታዋን መለሰላት ሽጉጤ፤ አፉ ለምዶት። እሷም ጋሪዋን እየገፋች ሄደች።

ካራቫኗን የሸጠላቸው አንድ ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ ነው። በየዓመቱ ከሚስቱ ጋር ወደ ባሕር ይጓዙባት እንደነበር፣ ሚስቱን ኮሮና እንደወሰደበትና ከዚያ በኋላ ከመስኮቱ ባያት ቁጥር ምግብ እንደማይወርድለት ነገራቸው። ኤርጎጌ ስታጸዳ ከአልጋው ሥር ካለው ሳጥን የሴት የዋና ቆብ አገኘች። ልትመልስለት ሄዳ ነበር፤ ሽማግሌው ራሱን ነቅንቆ በሩን ዘጋው።

ኤርጎጌ ካራቫኗን ቤት ልታደርጋት ቆርጣ ተነሳች። ግድግዳዋን በሳሙና አጠበች፣ መጋረጃ ሰፋች፣ ከሸፊቃ ቧንቧ ውሃ በጎማ፣ ከሸፊቃ ሳሎን መብራት በገመድ አስገባች። መብራት በፈረቃ ሲጠፋ በትንሿ ጋዝ ታበስላለች። ብርዱ ጠንቶ መስኮቱ ሲዘጋ የትንፋሻቸውና የድስቱ እንፋሎት ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ትራሳቸው ላይ ይንጠባጠባል። ይህን ሁሉ ቻለችው። ያስቸገራት የካራቫኗ መወዛወዝ ነበር። አንድ ሰው ደረጃዋን በረገጠ ቁጥር ካራቫኗ ትንቀጠቀጣለች፤ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ሽጉጤ ብድግ ይላል።

«ጎማዎቹን አውልቀን ጡብ ላይ እናስቀምጣት» አለችው።

«እንዳይነኩ። በተነሡብን ቀን የሚጎትተን አናጣም።»

«በተነሡብን ቀን ቤት እየጎተትን ነው የምንሮጠው?»

የካራቫኗ አልጋ ሲታጠፍ ጠረጴዛ ይሆናል፤ ጠረጴዛው ሲወርድ ደግሞ አልጋ። መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት አብረው እያጠፉ ቁርስ ይበሉበት ነበር። እየቆየ ሽጉጤ ከአልጋው መነሣት ተወ። እሱ ካልተነሣ ጠረጴዛ የለም። ኤርጎጌ ለምትሠራላት ሸፊቃ ሽንኩርት ልትከትፍ ከመሄዷ በፊት ቆማ ትበላለች፤ የእሱን ሳህን ትራሱ አጠገብ ትተውለታለች፤ ስትመለስም አብዛኛውን ጊዜ እንደነበረ ታገኘዋለች። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ በሀዲይኛ ነበር የሚያወሩት። አሁን በየትኛውም ቋንቋ ማውራት ቀረ።

የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ አቢሶ ማስኩን እንዳጠለቀ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ጸለየላቸው። ብዙ ወንድሞች ተዘርፈው እንደገና እንደጀመሩ፣ ለሽጉጤም ሰው ሱቅ ውስጥ ሥራ ሊፈልግለት እንደሚችል ነገረው። ሽጉጤ አመሰገነው። አቢሶ ሲወጣ ኤርጎጌ እስከ አጥሩ ሸኘችውና፣ ጸሎቱን እንዳያቋርጥ ለመነችው። ከዚያ ከሸፊቃ ኩሽና ጀርባ ሄዳ አለቀሰች።

ጥቅምት ላይ ለባሏ ሳትነግረው በታክሲ ካትሌሆንግ ሄደች። ሱቃቸውን ሌላ ሰው ተከራይቶ፣ አዲስ ቀለም ቀብቶ ይሠራበታል። ኤርጎጌ መንገዱን ተሻግራ የጎጎ ኖምሳን በር አንኳኳች። ልትሰድባት ይሁን ልትለምናት ራሷም አታውቅም ነበር። የከፈተችላት የልጅ ልጇ ናት። አሮጊቷ ከረብሻው በኋላ ብዙም ሳትቆይ ያ በሽታ ይዟት ሞታለች። ልጅቷ ኤርጎጌን ስታውቃት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«እነዚያ ልጆች የት ደረሱ እያለች ትጠይቅ ነበር» አለቻት።

ኤርጎጌ ለሽጉጤ ልንገረው አልንገረው እያለች ሰነበተች። በመጨረሻ አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የአሮጊቷን መሞት ነገረችው። ሽጉጤ ቀስ ብሎ ተነሥቶ በግድግዳው ተደገፈ።

«ማን ቀበራት?»

«ኮሮና ስለሆነ ጥቂት ሰው ነው የተገኘው አሉ።»

«አንድ ነገር ልጠይቃት ነበር» አለ።

«ምን?»

«ለምን ሰላም እንዳለችኝ። ፊቷን አዙራ ብታልፍ ሌባ ናት ብዬ እተወው ነበር። እየወሰደች ልጄ አለችኝ። እኔም መለስኩላት፣ ኤርጎጌ። መለስኩላት።»

ኤርጎጌ የሚያጽናናው መስሏት፣ አሮጊቷ የት ደረሱ እያለች ትጠይቅ እንደነበር ነገረችው።

«ይሄን ባትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኤርጎጌ ሊሻለው ነው ብላ ጠብቃ ነበር። በእርግጥ ከአልጋው ተነሣ፤ ለአቢሶ ደውሎ ሥራውን እቀበላለሁ አለ። ዛንድስፕሩት በሚባል ሌላ ሰፈር ያለ የአንድ የቤተ ክርስቲያን ወንድም ሱቅ ገባ፤ የሚያድረውም እዚያው ነው። የሥራ ባልደረባው ለሸፊቃ እንደነገራት፣ ሽጉጤ ዕቃውን በትክክል ይሰጣል፣ የገንዘቡን መልስ በትክክል ይመልሳል፤ ግን ሰላም ለሚለው ሰው አይመልስም። ደንበኞቹ ጆሮው የማይሰማ መስሏቸው በእጃቸው እያሳዩ ይገዛሉ።

ሮዘተንቪል የሚመጣው አልፎ አልፎ እሑድ ነው። ሲመጣ ሚስቱ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፤ ምግቡን ይበላል፤ ልብሱን ታጥብለታለች። አንድ እሑድ እኔም ዛንድስፕሩት ልምጣ፣ አብረን እንሁን ብላው ነበር። ቦታ የለም አላት። ቦታ እንዳለ ከሌሎች ሰምታለች፤ ግን አልተከራከረችውም። ማታ ማታ ብቻዋን ስትገባ ካራቫኗ በእሷ ክብደት ትወዛወዝና ጸጥ ትላለች።

ከአምልኮ ሲወጡ ሴቶቹ ሽጉጤ እንዴት ነው እያሉ ይጠይቋታል።

«ጌታ ይመስገን፣ ይሠራል» ትላቸዋለች። መሥራቱ እውነት ነው።