ሙሽራው የሌለበት ቬሎ

ቬሎ መስፋት የተማርኩት አዲስ አበባ፣ አንዲት አርመናዊት ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ አገር ለቃ ስትሄድ የወረቀት ቅዶቿን ለእኔ ተወችልኝ። የድሮ ቬሎ ቅዶች ነበሩ፤ አንገታቸው የሚዘጋ፣ እጅጌያቸው ትከሻ ላይ የሚነፋ፣ ጀርባቸው በጥቃቅን ቁልፎች የሚያያዝ፣ ጅራታቸው መሬት የሚጠርግ። ይዣቸው ወደ ትውልድ ከተማዬ አምቦ ተመለስኩ። ግን ማን ይጠይቀኛል? እንዲህ ያለ ልብስ የመሳፍንት ነው የሚባልበት ጊዜ ነበር። የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን ከእጃጂ ከተማ አንዲት ወጣት አስተማሪ ከእናቷ ጋር መጣች። አንድ ሙስሊም ነጋዴ ከድሮው ዘመን ያስቀመጡትን ነጭ ሳቴን ሸጠውላቸው ነበር። ቅዶቹን አልጋ ላይ ዘርግቼ ሳሳያቸው ልጅቷ በጣም አስቸጋሪውን መረጠች። እናትየው የአንገቱን ከፍታ አይተው «ሂንታኡ፣ አይሆንም፤ ያንቃታል» ቢሉም አልሰማቻቸውም።

ቅዱ የተነደፈው ትከሻዋ ለጠበበ ሴት ነው፤ እሷ ደግሞ ትከሻዋ ሰፊ ነው። መጀመሪያ በአቡጀዲ ሰፍቼ ለካኋት፤ ብብቷ ስር ያዛት። ፈታሁት፣ ደግሜ ቀደድኩ። እያንዳንዱ ልኬት ላይ ስትቁነጠነጥ መርፌው ይወጋታል። እጮኛዋ ሸነን የሚኖር አናጢ ነው፤ የውትድርና ምልመላው ሳይደርስበት እንጋባ ብለው ሠርጉን ከፋሲካ ወደ ጥር አምጥተውታል። በዚያ ጊዜ ወንድ ልጅ የደረሰለት ቤት ሁሉ አንድ የሚደብቀው ሰው ነበረው። በሩ ሲንኳኳ ሁላችንም እንደነግጣለን።

እጅጌው ገና ሳይገጠም አንድ ጠዋት ብቻዋን መጣች። መቀመጫ ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም።

«አዴ፣ እትዬ፣ ትናንት ጉደር ገበያ ላይ አፍሰው ወሰዱት» አለችኝ።

ጨርቁን ልትወስድ የመጣች መሰለኝ። ላጥፈው ስነሳ እጄን ያዘችኝ።

«አያጥፉት። ይጨርሱት።»

ለማን ብዬ እንደምሰፋው ሳላውቅ ቀጠልኩ። ጥቂት ሰፍቼ እነሳለሁ፤ በር ላይ ቆሜ ከወለጋ የሚመጡትን መኪናዎች አያለሁ፤ ተመልሼ ስቀመጥ ደግሞ ክሩ ይበጠስብኛል። ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስፌት ጠመመብኝ። እንዲያም ሆኖ ጨረስኩት።

ሠርጉ ሊደረግ በታሰበበት ቀን እኔ ቤት ለብሳው ወደ ፎቶ ቤት ሄድን። ጅራቱ አቧራ እንዳይነካው ከኋላ አንስቼ ተከተልኳት፤ ሰው ሁሉ በየበሩ ወጥቶ ያየናል። ፎቶ አንሺው ሙሽራው የት እንዳለ ጠየቀኝ። እሷ ወደ አንድ ጎን ጠጋ ብላ ቆመችና «ይህን ቦታ እንዳለ ተወው፤ ሲመጣ ይቆምበታል» አለችው። ፎቶውን ለእጮኛዋ እንዲያደርስላት ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ለሚመለስ አንድ ወታደር ሰጠችው። ይድረስ አይድረስ የምናውቀው ነገር አልነበረም።

ቬሎውን እናቷ እያዩት እንዳያለቅሱ እኔ ዘንድ ተወችው። ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ሳየው ሰው የቆመ ይመስለኛል፤ አንሶላ ባለብሰውም አላስቻለኝም። ኋላ አንዲት የጉደር ሙሽራ አይታው እንዳውሳት ለመነችኝ። አስተማሪዋን ስጠይቃት ይለበስ አለች፤ እሷም በመጣች ቁጥር ተሰቅሎ ማየቱ ሰልችቷታል። ከዚያ ወዲያ ጌዶ ሄደ፣ ሸነን ሄደ። ለአንዷ አሰፋዋለሁ፣ ለሌላዋ አጠብበዋለሁ፤ ከዚያ ቤት መልሶ ወደ እኔ።

ደርግ በወደቀበት ክረምት ወታደሩ በየመንገዱ እየለመነ ወደ ቤቱ ሲመለስ አናጢውም መጣ። ከስቷል፣ በከዘራ ነው የሚራመደው። ልጅቷ በዚያው ሳምንት ልታገባው ወሰነች። ቬሎው ግን ጌዶ ነበር፤ ሌላ ሙሽራ ልትለብሰው ወስዳዋለች። ሄጄ ላምጣው አልኳት።

«ይተዉት አዴ። መኪናው እስኪመጣ መጠበቅ አልችልም። ጥበቃ በቅቶኛል» አለችኝ።

ሸነን ላይ ከገበያ በተገዛ ነጭ ቀሚስ አገባችው። እኔ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሙሽራው መኪና በሰማ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ይላል፤ እሷ ቀስ ብላ እጅጌውን ይዛ ታስቀምጠዋለች። ወደ ማታ ግድም ፎቶው ደርሶት እንደነበር ነገረኝ። ባዶውን ጎን ወደ ኋላ አጥፎ፣ እሷን ብቻ እያየ በኪሱ ይዞት ሲዞር፣ ወንዝ ሲሻገሩ ውሃው ወሰደበት።

ከዓመት በኋላ ለሕፃን ልብስ ልታሰፋ ስትመጣ ባልሽ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ሥራ መጀመሩን፣ በርና መስኮት እየሠራ መሆኑን ነገረችኝ። «ግን በሩ ተዘግቶ አይተኛም» አለችኝ፤ «እኔም ለምጄዋለሁ።» እያወራችኝ እሷም ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር።