ዝክሩ የተቆጠረብኝ ዓመት

ሞጣ ውስጥ ሴፍቲኔት የሚሉት የመንግሥት ድጎማ ሲመጣ የእኔም ስም ገብቶ ነበር። ያኔ ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሁለት ሴት ልጆች ይዤ በኪራይ ቤት እኖራለሁ። ጠዋት ጠዋት መንገድ እንጠርጋለን፣ ቦይ እንከፍታለን፤ ወሩ ሲሞላ ገንዘቡ በባንክ ይገባልናል። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ልጆቼ በዚያ ጠግበው አድረዋል። ይህን ሳልናገር ሌላውን ብናገር ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

ድጎማው ግን ጊዜ ነበረው። እስከ መጨረሻው ለቆየ ሰው ለግል ሥራ መነሻ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ በራሱ ይቆማል። ሁላችንም የምንጠብቀው ያንን መነሻ ነው። ሥልጠና የሰጠን ልጅ ደግሞ «እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። ትንሽም ብትሆን ዛሬውኑ የራሳችሁን ሥራ ጀምሩ» አለን። አመንሁት። ብቅል ጀመርሁ።

ከጠረጋ ስመለስ ገብስ እዘፈዝፋለሁ፤ በኮባ ጠቅልዬ ድንጋይ እጭንበታለሁ፤ ሲያጎነቁል ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ አሰጣዋለሁ። ጠላ የሚጠምቁ ሴቶች ይገዙኛል። መነሻው ሲመጣ ገብሱን በኩንታል ገዝቼ፣ ሰፊ ማስጫ ተከራይቼ እንደ ልቤ ልሠራ አስቤ ነበር። ለዚህ እስከ መጨረሻው ከዝርዝሩ አለመውጣት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

የተወለድሁት ቢቸና ነው። ባሌን ተከትዬ ሞጣ ስመጣ የአገሬ ልጅ ሆና ያገኘኋት አንዲት ሴት ነበረች። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ትንሿን ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝም እሷ ናት፤ ስለዚህ አበልጄ እላታለሁ። ባሌ ሲሞት ዐርባውን እስካወጣ ድረስ ከቤቴ አልተለየችም።

ብቅሉን በጀመርሁበት ዓመት ትንሿ ልጄ ታመመች። ጤና ጣቢያ ተኝታ ዓይኗን መግለጥ ሲያቅታት «እመቤቴ፣ ልጄን ካተረፍሽልኝ ዝክርሽን እዘክራለሁ» ብዬ ተሳልሁ። ልጄ ተነሣች። እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልሁ ወራት አለፉ።

«ስለትሽ ምን ሆነ?» አለችኝ አበልጄ አንድ ቀን።

«መነሻው ይምጣና።»

«ምን አልሽ? እመቤታችን የመንግሥትን ቀጠሮ ትጠብቅልሽ?»

ሳቀች፤ እኔ ግን አፈርሁ። በወሩ ለሃያ አንድ ቀን ቆረጥሁ። ለገበያ ያደረቅሁትን ብቅል በሙሉ ለጠላው አዋልሁት። ለቀጣዩ ሥራ ያስቀመጥሁትንም ገብስ ለዳቦና ለንፍሮ አደረግሁት። ጌሾውን ያመጣችው አበልጄ ናት፤ ጠላውንም አብራኝ ጠምቃለች።

ካህኑ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ሰፈሩ ሞላ። ቦታ ያጣው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አበልጄ ማንቆርቆሪያውን ይዛ እየዞረች «ጠጡ እንጂ! ያላችሁት የብቅል ነጋዴ ቤት ነው!» ትላለች። ሰው ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። ልጄ በእግሯ ቆማ እንግዳ ስታስተናግድ ሳይ ሌላ ነገር አላሰብሁም።

ሦስት ሳምንት አልፎ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀበሌ ተጠራን። በየዓመቱ ስማችን በሰፈሩ ሰው ፊት ይነበባል፤ ድጎማው አይገባውም የሚባል ካለ ሰው ተነሥቶ ይናገራል፤ በተሰረዘው ቦታ ተጠባባቂ ሆኖ የተመዘገበ ይገባል። የቀበሌዋ ሠራተኛ ስሜን አነበበችና «ቅሬታ ያለው?» አለች።

አበልጄ ተነሣች። ልትመሰክርልኝ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥሁ።

«እንኳን ደስ ያላት፣ እህታችን አልፎላታል» አለች። «ግቢዋ ሙሉ ብቅል ነው። በቀደም ማርያምን ስትዘክር ሰፈሩን ስታበላ ስታጠጣ ውላለች። ሁላችንም በልተናል። አሁን ለተቸገረ ቢሆን ነው የሚሻለው።»

«ጠላውስ ግሩም ነበር!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ።

«እውነት ነው፣ እትዬ? ሥራ ጀምረዋል?» አለችኝ ሠራተኛዋ።

«ጀምሬያለሁ። ጀምሩ ስላላችሁን ነው።»

«ድግሱስ?»

ብቅሉ በሙሉ ለዝክሩ እንደ ዋለ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የምዘፈዝፈው ገብስ እንደሌለኝ መናገር ይበቃ ነበር። ነገር ግን ልጄ ድና አጠገቤ ተቀምጣለች። በእሷ ፊት «ዝክሩ አደኸየኝ» ማለት ለእመቤታችን በሰጠሁት መጸጸት መሰለኝ።

«ስለት ነበረብኝ» ብቻ አልሁ።

ስሜ ተሰረዘ። አቤቱታ ያለው እስከ ዓርብ ድረስ ማስገባት ይችላል አሉ።

እስከ ሐሙስ ከቤት አልወጣሁም። ዓርብ ጠዋት ወደ ነፍስ አባቴ ሄጄ ነገርኋቸው። ሰሙኝና «ልጄ፣ እመቤታችን የምታውቀውን ለቀበሌ ብትነግሪ ምን ይጎድልባታል? እውነት መናገር መጸጸት አይደለም። አሁኑኑ ሂጂ» አሉኝ።

ከዚያው በቀጥታ ቀበሌ ሄድሁ። ሠራተኛዋ ለስብሰባ ወጥታለች፤ ቢሮው ተቆልፏል። እስኪመሽ ደጁ ላይ ተቀመጥሁ፤ የመጣ የለም። ሰኞ ሳገኛት ዝርዝሩ ወደ ላይ ተልኳል። «ውይ እትዬ፣ ሐሙስ ብቅ ቢሉ ኖሮ!» አለች። ፊቷ እውነት አዝኗል። አልፈርድባትም።

በሳምንቱ በእኔ ቦታ የገባችውን ሴት አየኋት። የአበልጄ ታናሽ እህት ናት፤ በዚያ ዓመት ከባሏ ተፋታ ከቢቸና ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። የጠራጊዎቹን ሰደርያ ለብሳ መንገዱን ትጠርጋለች። አቀርቅራ አለፈችኝ።

አበልጄ ከብዙ ቀን በኋላ መጣች። ግቢ ሳልላት በሩ ላይ ቆመች።

«ተቀይመሽኛል?»

«አዎ።» እንዲህ ብዬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም።

«አንቺ እኮ ጀምረሻል። እጅሽ ሥራ ያውቃል። እሷ ምን አላት?»

«ቤቴ መጥተሽ ብትነግሪኝስ?»

«ብነግርሽ ትለቂላት ነበር?»

አዎ ልላት ፈለግሁ። ውሸት እንዳይሆንብኝ «አላውቅም» አልኋት።

«እኔም እሱን ፈርቼ ነው።»

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር። «ስለትሽን ክፈዪ ስትይኝ እህትሽ ለተጠባባቂነት ተመዝግባ ነበር?»

ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ተመዝግባ ነበር» አለች።

ይህን ብላ ሄደች።

መነሻው ቀረብኝ። ሰው ቤት ልብስ እያጠብሁ ጥቂት ገብስ ገዛሁና ብቅሉን እንደ ገና ያዝሁ። ማስጫዬ ያችው አንዲት ሰሌን ናት። ልጆቼ ደኅና ናቸው፤ ስለዚህ አመሰግናለሁ። ትንሿ በበዓል ቀን የክርስትና እናቷን ጉልበት ልትስም ትሄዳለች። አልከለክላትም። እኔ ግን በልቤ ይህን ቂም ይዤ ልቆርብ አልደፈርሁም። የነፍስ አባቴ በየጾሙ ይጠይቁኛል። «ገና ነው፣ አባ» እላቸዋለሁ።