ቡሬ ላይ ተራ የያዘው ቃል

ያን ለት ጧት በርበሬ እየቀነጠስሁ ነበር። ታኅሣሥ ገብቷል፤ የዓመቱ በርበሬ ደርሶ ግቢው ቀይ ሆኗል። ሰሌኑ ላይ ተቀምጬ፣ አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ፣ ዛላውን ወዲህ ቅንጣሹን ወዲያ ስል አያትህ ከመደቡ ላይ ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ። ለልጁ ቃል ልልክ ነው።»

«እጄ በርበሬ ነው» አልኋቸው።

«እጅሽን ምን ላደርገው? ጆሮሽን ነው የፈለግሁት።»

ልጁ ያሉት ያንተን አባት ነው። ያን ጊዜ ገና አላገባም፣ አንተም አልታሰብህ። መርከብ ላይ ይሠራል። ዓባይን የሚሻገር እንኳ በለቅሶ የሚሸኝበት አገር ነው የኛ፤ እሱ ግን ከዚህ ወጥቶ ውኃ ላይ የሚያድር ሆነ። «ምን ላይ ይተኛል?» ይሉኛል ሰዎች። እኔስ በምን አውቄ? ዝናብ በዘነበ ቁጥር ግን ይታየኛል፤ ከላይም ውኃ፣ ከታችም ውኃ።

ደብዳቤ ቢልኩለት መርከቡ አንድ ቦታ አይቆም። ጅቡቲ ግን የመርከቡን ጉዳይ የሚፈጽም ሰው አለ፤ ለዚያ ሰው በፋክስ የተላከ ወረቀት መርከቡ ወደብ ሲገባ ላባትህ ይሰጠዋል። ፋክስ ማለት ወረቀቱ እዚህ ሆኖ የተጻፈው በስልክ ሽቦ የሚሄድበት ነው። አያትህ ደግሞ ቡሬ አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ቢሮ ዘበኛ ነበሩ፤ እዚያ መላኪያው አለ፣ ለሠራተኛ ይፈቅዳሉ። መጀመሪያ የተቀጠሩ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ከሥራ ወጥቶ ቢሮው ተቆልፎ ሳለ ከውስጥ አንድ ነገር ሲጮህ ይሰማሉ። ሌባ ነው ብለው ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። «ውጣ! ዛሬ አትተርፋትም!» ይላሉ። ለካ ያ መላኪያ ሰው ሳይነካው ብቻውን እየደወለ ኖሯል። በማግሥቱ ቢሮው ሁሉ ሳቀባቸው። «እንዴ፣ ጩኸቱ የታነቀ ፍየል ነው እኮ፣ ምን ላድርግ?» ይሉ ነበር።

በዚያ ኅዳር ሳል ያዛቸውና ጥበቃውን ተዉ። ቡሬ ድረስ መሄድ ስላቃታቸው ቃሉን ለእኔ ሰጡኝ። ፊደል የለኝም፤ የተላክሁትን ግን አንጠባጥቤ አላውቅም። እኛ ዘንድ መልክተኛ ማለት ቃሉን እንደ እንቁላል ይዞ የሚሄድ ነው፤ አይቀንስ፣ አይጨምር። መንገዱን ሁሉ እያልሁት ሄድሁ፦

«ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ሰንፏል። ወይፈኑ ቀንበር ለምዷል። ለጥምቀት ከመጣህ አብረን ታቦት እንሸኛለን። ሥራ ይዞህ ካልመጣህም አልቀየምህም፤ ባሕሩም የእግዜር ነው። በሄድህበት ይቅናህ።»

ቢሮው ውስጥ ጸሐፊዋ ከወሎ የመጣች ቀጭን ልጅ ናት። እኔ ስናገር እሷ ጻፈች። የምትጽፍበት መኪና፣ ኮምፒውተር የሚሉት፣ ፊቱ ጥቁር ነው፤ ከመላኪያውም ጋር በሽቦ ተያይዟል፤ ሥዕል የለው፣ ምን የለው፤ የፈረንጅ ፊደል ብቻ ይደረደርበታል። ቃሉን በእኛው ፊደል በወረቀት አውጥታ አየችው፤ ያንኑ ቃል እንዲልክ ለመኪናው አጎረሰችውና በፈረንጅ ፊደል አንዲት አጭር ትእዛዝ ጻፈች።

«በቃ እማማ፣ ገባልዎ» አለችኝ።

«ደረሰው?»

«አልደረሰም፤ ተራ ያዘ።»

«ከማን ኋላ?»

«ከመሥሪያ ቤቱ ወረቀቶች ኋላ። ወፍጮ ቤት ጆንያዎን አሰልፈው ወደ ቤትዎ ይመለሱ የለም?»

«እመለሳለሁ።»

«ይኸም እንደዚያው ነው። ተራው ሲደርስ እሱ ራሱ ይደውላል። መስመሩ እምቢ ካለው ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይደውላል። እኛ እዚህ መቆም የለብንም።»

«ወፍጮ ቤትማ ጆንያዬን ገፍታ የራሷን የምታስቀድም አለች» አልኋት።

«እዚህ መገፋፋት የለም።»

«እንግዲያ ከእኛ ሰፈር ሴቶች ይሻላል።»

ሳቀች። እኔም ስቄ ወጣሁ።

ለካስ የስልኩ እንጨት ከፍኖተ ሰላም ወዲያ ወድቆ ሽቦው ተበጥሷል። ገበያ በወጣሁ ቁጥር ወደ ልጅቱ ጎራ እላለሁ። አንድ ቃል ትጽፋለች፤ ያኔ ተራ የያዙት ሁሉ በየተራቸው ተደርድረው ይወጣሉ። በጣቷ ነክታ «ይኸው ያባባ። አለ፣ ቆሟል» ትለኛለች። የማላነበውን አያለሁ። ከጥቁሩ ላይ ያቺን ነጭ መስመር አይቼ የልጄን ደጅ ያየሁ ይመስለኛል።

ቤት ስገባ አያትህ ቀና ይላሉ።

«ሄደ?»

«ተራ ላይ ነው።»

«በዚያ መንግሥት እኔ ለስኳር ተሰለፍሁ፤ በዚህ መንግሥት ደግሞ ቃሌ ተሰለፈ» ይላሉ። ይስቁና ሳሉ ይይዛቸዋል።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ዐረፉ። የዚያኑ ለት ቀበርናቸው።

በማግሥቱ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ የከተማ ሰው ሊያስተዛዝን መጣ። ከወንዶቹ ጋር ሲያወራ «ስልኩ ዛሬ ጧት ተሠራ» ሲል ሰማሁት። የሟቹ ቃል እኮ ተሰልፏል! «ደህና ነኝ» ብሎ ሊሄድ ነው! ተነሣሁ። ጎረቤቴ፣ ያቺ አፈ ስለቷ፣ በሩ ላይ ያዘችኝ።

«የት ነው? ሳልስቱ ሳይወጣ ባልቴት ከለቅሶ ቤት ትወጣለች?»

«ቃላቸው ቡሬ ቆሟል።»

«የማን ቃል?»

«የሰውየው።»

ስነግራት አማተበች። «መሬት የገባ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ይልካል? ኧረ በሞቴ፣ ቶሎ አስወጪው! የእግዜርን ቁጣ ልትጠሪብን ነው!» ብቻሽን አትሄጂም ብላ እሷም ተከተለችኝ። እስክንደርስ ስትቆጣኝ፣ እኔ ሳለቅስ፣ እንዲያው ደረስን።

ልጅቱ ነጠላዬ መዘቅዘቁን ስታይ ከወንበሯ ተነሣች። ማንም አልነገራት።

«መቼ?» አለች።

«እሑድ።»

እጄን ይዛ አለቀሰች። ኋላ ዓይኗን ጠርጋ ወደዚያ ጥቁር ፊት ዞረች። «መስመሩ ተመልሷል፤ የፊተኞቹ እየሄዱ ነው። ያባባም አሁን ይደርሰዋል። ይነሣ ካሉኝ አነሣዋለሁ።»

«እንዴት ይነሣል?»

«ቁጥር አለው። ቁጥሩን ጠርቼ ውጣ ስለው ይወጣል። ከሄደ በኋላ ግን መመለሻ የለውም።»

«አንሥተሽስ?»

«እውነቱን ልጻፍለት። አባትህ ዐረፉ ልበለው።»

«መርዶ በሽቦ?» አለች ጎረቤቴ። እስካሁን እኔን ስትቆጣ የነበረችው ወደ ልጅቱ ዞረች። «ልጄ፣ በናንተ አገር እንዲህ ነው? ማን ይይዘዋል? ተነሥቶ ባሕር ቢገባስ?»

እውነቷን ነው። መርዶ በእኛ አገር ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ብርቱ ሰው ከኋላው ቆሞ ነው የሚነገር። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። እሱ ደግሞ ብቻውን ብቻ አይደለም፣ የሚቆምበት መሬት እንኳ የለው። ቃሉን አንሥተን ዝም ብንልስ? መርከቡ ወደብ ገብቶ ምንም ሳያገኝ ይሄዳል፤ ለስንት ወር እንደሚሄድ እግዜር ይወቅ። እቤት የሚጠራውም ነገር አይኖር። ሁለቱም መንገድ ገደል ሆነብኝ።

«እስቲ አንብቢልኝ» አልኋት።

አነበበች። ድምፁ የሷ ነው፣ የልጅ ድምፅ ነው፤ እኔ ግን የሳቸውን ትንፋሽ ሰማሁ። «አልቀየምህም» ከሚለው ላይ ያን ጧት ሳል አቋርጧቸው ነበር። እሷ ሳትቆም አለፈችው። እኔ ግን ቆምሁ። ባሌን ቀብሬ ያላለቀስሁትን ያህል እዚያ ወንበር ላይ አለቀስሁ።

ሲወጣልኝ ለጎረቤቴ እንዲህ አልኋት፦ «ይኸን ሲሉ በነፍስ ነበሩ። ቃሉን በሰው አፍ ልከውት፣ መልክተኛው መንገድ ላይ ሳለ ቢሞቱ፣ ሮጠሽ መልክተኛውን ትመልሽዋለሽ?»

«እሱንስ አልመልሰውም» አለችኝ።

«ይሂድ» አልኋት ልጅቱን።

«የእርስዎንስ አንዲት ቃል ልጨምርበት? ‹እናትህ ና ብላሃለች› ልበለው? አውጥቼ ነው የምጽፈው፤ እንደገና ሲገባ ግን ከኋላ ይሰለፋል። መስመሩም አያስተማምን።»

ና። ይኸችው ናት፣ ሌላ ምን አለኝ? ና ልጄ፣ ቤቱ ባዶ ሆነብኝ፣ መደቡን ማየት አቃተኝ፣ ትከሻህን አምጣልኝና ላልቅስበት። ይኸን ሁሉ ጻፊልኝ ልላት ነበር። ሽቦው ቢበጠስስ ብዬ ፈራሁ። ደግሞም የተላክሁት የሳቸውን ቃል ይዤ ነው።

«ተይው። መልክተኛ አይጨምርም» አልሁ።

ተቀመጥን። ጥቂት ቆይቶ ያ መላኪያ ጮኸ። በእውነትም የታነቀ ፍየል ነው። ጎረቤቴ ደንግጣ ክንዴን ጨመደደችው። ጮኸ ጮኸና ዝም አለ።

«ሄደ፤ ደርሷል» አለች ልጅቱ።

በዚያው ሰሞን መልሱ መጣ። ልጅቱ ለገበያተኛ ሰጥታ ላከችልኝ፤ የሰፈሩ አስተማሪ አነበበልኝ። «ለጥምቀት እመጣለሁ። አባባ ወይፈኑን እንዳይሸጡብኝ» ይላል። ደስታና ኀዘን ባንድ አንጀት አይገባም ያለው ማን ነው? በእኔ አንጀት ገብቷል። ቀኑ እስኪደርስ ሁለቱን ይዤ ተቀመጥሁ።

መጣ። ከአውቶቡስ ሲወርድ ቡሬ ያለው ያክስቴ ልጅ ተቀበለው፤ መሽቷል ብሎ እሱ ቤት አሳደረው። ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ ሄደው ነገሩት። እኔ ቤቴ ሆኜ ጠበቅሁ። ይዘውት ሲመጡ ጩኸቱን ከወንዙ ማዶ ለየሁት፤ ልጅ ሆኖ ሲወድቅ እንደሚጮኸው ነው። ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው አመጡትና እግሬ ላይ ወደቀ።

«ደህና ነኝ ብለውኝ ነበር እኮ!»

«ሲሉህ ደህና ነበሩ።»

«ባልመጣም አልቀየምህም ብለውኛል።»

«ብለውሃል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ያቺን ቃል ደጋግሞ እየጠራ ነው ያለቀሰው። እሷን ይዞ አለቀሰ፣ እሷን ይዞ ዝም አለ። ዐርባቸውን አውጥቶ ተመልሶ ወደ ባሕሩ ሄደ። ያን «ና» እኔ መቼም አላልሁትም። ሲሄድም አላልሁት፤ አንገቱን ስሜ ሸኘሁት።

ዛሬ አንተ በስልክህ መልኩን ታሳየኛለህ፤ ይስቃል፣ እጁን ያውለበልባል። ጥሩ ነው፣ ተመስገን። ግን ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይጠፋል። ያኔ ቡሬ ወርጄ «አለ፣ ቆሟል» ስባል ናፍቆቴም መቆሚያ ነበረው።

አባትህ የሄደ ለት ጎረቤቴ መጣች። በርበሬ ልትበደረኝ ነው ብዬ ተነሣሁ። «ተቀመጪ» አለችኝና አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«ያን ለት ለቅሶ ጥለሽ ስትሄጂ ነውር መስሎኝ ነው የተቆጣሁሽ» አለችኝ። «የእኔው ሰውዬ ሲሞት ለልጁ የተወው ቃል አልነበረም። ልጄ ከመተከል መጥቶ ‹ምን አለኝ?› ሲለኝ የምሰጠው አጣሁ። ቢኖርማ ኖሮ፣ አንቺዬ፣ እኔም ድንኳኑን ጥዬ እሮጥ ነበር።»