የተቋረጠው መንዙማ

ራሕመት የባሏን እግር እየቀባች ነበር። ቫዝሊኑን በመዳፏ ታሞቅና ከተረከዙ ጀምራ ወደ ጣቶቹ ትሄዳለች፤ በጣቶቹ መካከል ስትደርስ ግን ቀስ ትላለች። የክሊኒኳ ነርስ እንዲህ ነው ያሳየቻት። የስኳር በሽታ የበላው እግር ቢቆስልም ለባለቤቱ አይነግረውም፤ ሌላ ሰው ሊያይለት ይገባል።

«ይሰማሃል?» አለች ውስጥ እግሩን ጫን አድርጋ።

«አዎ።»

«አሁንስ?»

«አዎ አልኩሽ እኮ! ደግሞ ዛሬ ምን ሆነሻል?»

ሁለተኛውን ስትጠይቀው እጇ አየር ላይ ነበር። ካልሲውን አለበሰችው።

አብዱልመናን ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ራሕመት ደግሞ ብሉሚንግተን አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ሁለቱም የወሎ ልጆች ናቸው፤ ሚኒሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ አፓርትመንት ተከራይተው አንዲት ልጃቸውን ኢቅራን አሳድገው ድረዋል። ያለፈው ረመዳን ሐኪሙም ሸሁም አንድ አፍ ሆነው «አንተ አትጹም፣ በጾምህ ፋንታ ሚስኪን አብላ» አሉት። ወሩን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በላ። ከዒድ ወዲህ ግን ራሕመት አንዳንድ ቀን ከንፈሩ ደርቆ፣ ትንፋሹ ተለውጦ ወደ ቤት ሲገባ ታያለች። የክረምት ቀን አጭር ነው፤ ያለፈውን ጾም ቀዷ ለማውጣት፣ ቀን በቀን ለመተካት ለሚፈልግ ሰው የሚኒሶታን ጃንዋሪ የሚመስል የለም።

ለምን አልጠየቀችውም? ባደገችበት አገር ሰውን «ጾመሃል ወይ?» ማለት ነውር ነዋ። ጾም በባሪያና በጌታው መካከል ነው፤ የሚጠይቅ ሰው ወይ ያስዋሻል፣ ወይ ምስጢር ያወጣል። ስለዚህ ዝም ብላ ትመለከተዋለች።

በፈረንጆቹ 2006 ጃንዋሪ ላይ ኢቅራ ለወላጆቿ የአንድ ሌሊት ማረፊያ ስጦታ አመጣች። ከሴንት ፖል ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር አንዲት ጃፓናዊት የአገሯን ዓይነት የእንግዳ ማረፊያ ከፍታለች፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የሙቅ ውሃ መታጠቢያ አለው።

«ፍል ውሃ!» አለ አብዱልመናን፣ ፊቱ በርቶ። «ሀርቡ ፍል ውሃ በቃሬዛ ገብቶ በእግሩ የወጣ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ፍል ውሃ አይደለም አባቢ። ከጉድጓድ አውጥተው ሂት አድርገውት ነው። ደግሞ ብዙ እንዳትቆይ፣ ኦኬ?»

«ኦኬ፣ ኦኬ። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ሐኪም ነሽ?»

የሚሄዱበት ቀን ጠዋት የኢንሱሊን መርፌውን በራሕመት ፊት ተወጋ። ቂንጬውን በሳህን ስታቀርብለት «በዕቃ አድርጊልኝ፣ መኪናዋን ሳሞቅ እበላለሁ» አለ። በዚያ ብርድ መኪና ማሞቅ ረጅም ሥራ ነው። በመስኮት ብታይ የመኪናው መስታወት በረዶ ለብሷል፤ ውስጡን ማን ያያል? ተመልሶ ሲገባ «አልሐምዱሊላህ» አለና አፉን ጠረገ። ደስ አላት። ቢሆንም ልቧ አላረፈም።

ማረፊያው ጸጥ ያለ ቤት ነበር። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ወለሉ እንደ ሰሌን የተሠራ ነው፤ የክፍሎቹ በር በቀጭን እንጨት ላይ የተወጠረ ነጭ ወረቀት ነው። ከዚያ በር ጀርባ ከእንጨት የተሠራ ጥልቅ ገንዳ እንፋሎቱን ያትጎለጉላል። ራሕመት ገና ከመግባቷ የፎጣዎቹን ጠርዝ ማስተካከል ጀመረች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ እንግዳ ነሽ!» አለ አብዱልመናን። «ቆይ፣ አልጋም የለውም፤ ምን ልታነጥፊ ነው?»

ባለቤቲቱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ትንሽ ሴት፣ ተንበርክከው ሻይና ከባቄላ የተሠራ ጣፋጭ አቀረቡ። በእንግሊዝኛ ቀስ ብለው አስረዱ፦ በአገራቸው እንግዳ ወደ ውሃው ሳይገባ ይህን ይቀምሳል፤ ባዶ ሆድና የጋለ ውሃ አይስማሙም። ራሕመት የሷን በላች። አብዱልመናን ትሪውን በጣቱ ገፋ አደረገው።

«ሐላል መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለ በአማርኛ።

«ባቄላና ስኳር ነው አሉ እኮ።»

«ባቄላውን ማን አረደው!» አለና ሳቀ። «ይቅርብኝ፣ ራሑ። ቂንጬሽ እስከ አሁን ሆዴ ውስጥ ነው።»

ሐላል ካለ ማን ይከራከረዋል? ባለቤቲቱ ግን ያልተነካውን ጽዋ አይተው ቆም አሉ፤ አንዴ ሰውየውን፣ አንዴ ራሕመትን ተመለከቱና ትሪውን እዚያው ትተው ወጡ።

አብዱልመናን የሰጡትን ሰማያዊ የጥጥ ካባ ለብሶ የገንዳው በር ላይ ቆመ። «ስሚ፣ እንዳትጠሪኝ። ፍል ውሃ የገባን ሰው ውጣ አይሉትም። ቶሎ የወጣ ሰው ሕመሙን ይዞት ይወጣል።»

እሷም ይህን ታውቃለች፤ እናቷም እንዲሁ ይሉ ነበር። በሩ ተዘጋ። ውሃው ተንቦጫቦጨ፤ «ያረቢ! ይሄ ነው ውሃ ማለት!» ሲል ተሰማት። ከዚያ መንዙማ ማንጎራጎር ጀመረ። ድምፁ በወረቀቱ አልፎ ክፍሉን ሞላው። ውጭ በረዶው ላይ የወደቀው ብርሃን ብርቱካናማ ሆነ፤ ፀሐይ ልትገባ ትንሽ ቀርቷታል።

ራሕመት መስገጃዋን ልታወጣ ቦርሳውን ከፈተች። የቂንጬውን ዕቃ ከካልሲዎቹ ሥር አገኘችው። ከበደባት። ክዳኑን ከፈተች፤ ቂንጬው እንደሞላ ነው፣ ቅቤው ላዩ ላይ ረግቷል። ማንኪያ አልነካውም።

በዚያው ቅጽበት መንዙማው ቆመ። ስንኙ ሳያልቅ፣ መሐል ላይ።

ቀጣዩን ስንኝ ጠበቀች። ትንፋሽ እየሰበሰበ ይሆናል አለች። ከእንጨቱ ጠብ የሚል ውሃ ብቻ ይሰማል። እጇ በሩ ላይ ደረሰና ቀረ፤ «እንዳትጠሪኝ» ያለው ያዛት።

«አብዱ?»

ጠብ... ጠብ...

«አብዱልመናን!»

በሩን ስትስበው ወረቀቱ በጥፍሯ ተቀደደ። እንፋሎቱ ዓይኗን ሸፈነው። አገጩ ውሃው ውስጥ ነው፣ አንገቱ ወደ ጎን ወድቋል፣ ከንፈሩ ከውሃው በላይ ጥቂት ብቻ ቀርቷል። ልብሷን እንደለበሰች ዘላ ገባች። ውሃው አቃጠላት፤ እሱ ግን በዚህ ውስጥ ነው ሲያንጎራጉር የነበረው። በብብቱ ይዛ ራሱን ወደ ላይ አነሳችና እንደ እብድ ጮኸች።

ባለቤቲቱ ሲሮጡ መጡ። ሁለቱ ሴቶች ጎትተው አወጡት። አሮጊቷ አንድም ቃል ሳይጠይቁ ማር አምጥተው በጣታቸው ድዱ ላይ ቀቡለት፤ ትሪውን ሲተዉ የፈሩት ይህን እንደነበር ከፊታቸው ይነበባል። አምቡላንስ እስኪደርስ ራሕመት ጉልበቷ ላይ አስተኝታው ትንፋሹን በጉንጯ ታዳምጣለች። አንዳንዱ ትንፋሽ ይዘገያል። በዘገየ ቁጥር የእሷም አብሮ ይቆማል።

ስኳሩ እጅግ ወርዶ ነበር፤ ሴንት ፖል ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰክቶለት ነቃ። ኢቅራ በአንድ ወገን፣ ራሕመት በሌላው ቆመዋል። ጣሪያውን አየና በደረቀ አፉ፣

«ፀሐይ ገብታለች?» አለ።

«ዳድ! አር ዩ ሲሪየስ?» ኢቅራ እንባዋ እየወረደ ጮኸችበት።

ራሕመት ግን እንባም አልመጣላት። ጎንበስ ብላ በዕድሜዋ ሙሉ ያላለችውን ቃል አለችው። «ጾመህ ነበር?»

ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እንግዲህ ይቺም ቀን አትቆጠርልኝም» አለ።

እግሮቹ ተቃጥለው ነበር፤ ምንም አልተሰማውም። ቁስሉ ክረምቱን ሙሉ አልደርቅ ብሎ ከግራ እግሩ ሁለት ጣት ቆረጡለት። ሸሁ ቤት ድረስ መጥተው፣ ራስን መጉዳት ለአላህ የሚቀርብ ዒባዳ እንዳልሆነ በለሆሳስ መከሩት፤ ኢቅራም «ሁለተኛ እንዳትጾም» ብላ አስማለችው። ለሁሉም «እሺ» አለ። ልጅቱ በእሺው ተደስታ ሄደች። ራሕመት ግን ይህን «እሺ» ታውቀዋለች፤ ሰው እንዲተወው የሚፈልግ ሰው እሺ ነው። የቀሩትን ቀናት በልቡ እንደያዛቸውም ታውቃለች።

አሁን ሌላ ክረምት ገብቷል፤ እሱም ወደ ሥራው ተመልሷል። ማለዳ በረዶውን ጠርጎ መኪናዋን ያሞቃል። እሷ በመስኮት ትመለከተዋለች፤ መስታወቱ በረዶ ለብሶ ውስጡ አይታይም። ከዚያ አውቶቡሷን ይዛ ወደ ብሉሚንግተን ትሄዳለች፤ ቀኑን ሙሉ የማታያቸው ሰዓቶች የእሱ ናቸው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ራሕመት ትለምናችኋለች። ኤርፖርት አጠገብ፣ መስጊድ በር ላይ፣ ነዳጅ ማደያም ቢሆን፣ በግራ እግሩ ትንሽ የሚያነክስ፣ መንዙማ የሚያንጎራጉር ረጅም ሹፌር በቀትር ካገኛችሁ፣ ነውር ነው ብላችሁ አትለፉት። ጾመሃል ወይ በሉት። በልቻለሁ ቢላችሁም አትመኑት፤ በእጃችሁ አጉርሱት፣ እስኪውጥም ድረስ ፊቱ ላይ ቁሙ።