ከስልክ ቤቱ ሰሌዳ ሥር የነበረው ሣጥን

ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ አሮጌ የስልክ ምሰሶ ብቻውን ቆሞ አየሁ። ጫፉ ላይ ሽቦ የሚታሰርበት አንድ ነጭ ሲኒ ቀርቷል፤ ከሲኒው ክንድ ተኩል የሚሆን ሽቦ ተንጠልጥሏል። ነፋስ ሲነሣ ሽቦው ግንዱን ይመታዋል፤ ግንዱም ከውስጡ ያጓራል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው የሚያስቅ አኳኋን ነው። አብሮኝ የነበረው የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፣ ማን ደወለ?» አለኝ። ተቆጥቼ ነበር፤ በልጁ አይደለም፤ ከአርባ ዓመት በላይ ያልበረደልኝ ቁጣ በዚያ ድምፅ ተነሥቶብኝ ነው።

ስለ ጋሽ ሰይድ የምጽፈውን ከየት እንዳገኘሁት አስቀድሜ ልናገር። ትልቁ ምንጬ የራሴ ትውስታ ነው። ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ያየውንና በኋላ ሲወራ የሰማውን ለይቶ አያስቀምጥም። ሁለተኛዋ በአራት ዓመት የምትበልጠኝ እኅቴ ብርቄ ናት፤ የምለውን ግማሹን ታጸድቅልኛለች፣ ገሚሱን «አንተ ካነበብኸው ያመጣኸው ነው» ትለኛለች። ከዚህም ሌላ፣ ስልክ ሲነገር እሰማ የነበረው የወዲህኛውን ሰው ቃል ብቻ ነው፤ የወዲያኛውን እየገመትሁ ነው ያደግሁት። የከተማችንን ስም አልጽፍም፤ በላስታ ውስጥ፣ ከላሊበላ የአንድ ቀን የእግር መንገድ የምታስኬድ ናት ማለት ይበቃል። የበዳዩንም ስም አልጽፍም። አዝኜለት አይደለም፤ የያዝሁት ማስረጃ ለክስ ስለማይበቃ ነው።

ደርግ በመጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ከግቢያችን የመንገድ ዳሩ ክፍል ለስልክ ቤት ተወሰደ። ስልከኛው ጋሽ ሰይድ ከወልድያ ማዶ ካለች የመንገድ ዳር ከተማ የመጣ ሙስሊም ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ቀጭን፣ ካኪ ኮቱን ሁልጊዜ እስከ አንገቱ የሚቈልፍ፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ ሰው ነበር። ክፍሉ የካርቦን ወረቀትና የዛገ ብረት ይሸታል። የደከሙትን ባትሪ ድንጋዮች መስኮቱ ላይ ደርድሮ ፀሐይ ያሞቃቸዋል፤ ከዚያ የስልኩን እጀታ እያዞረ ቁልቁል ተጎንብሶ ያዳምጣል፤ የታመመ ሰው ደረት የሚያዳምጥ ይመስል ነበር።

የሥራው ችግር የሰዉ ርቀት ነበር። ከሩቅ የሚደወልለት ገበሬ ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር ነው ያለው። ጋሽ ሰይድ መጥሪያ ጽፎ ወደዚያ ለሚሄድ መንገደኛ ይሰጣል፤ መንገደኛው ይረሳዋል፣ ወይም ዝናብ ያበሰብሰዋል። ሽቦው ደግሞ ለሁሉም አንድ ስለነበረ፣ አንዱ ጣቢያ ሲናገር በመስመሩ ላይ ያሉት ሁሉ ይሰማሉ። ሌላው ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየው ነበር። ጋሽ ሰይድ ግን ከጓደኞቹ ጋር ተማክሮ ሥርዓት አበጀበት። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሥራ ሊዘጋ ሲል፣ ሁሉም መስመሩ ላይ ይገናኛሉ፤ እያንዳንዱ የያዘውን መልእክት ያነባል፤ ሌላው የራሱን አገር ሰው የሚመለከተውን ይጽፍና በሩ ላይ በተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ ያወጣዋል። ይህን የነገረኝ በዚያው መስመር ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ አንድ ስልከኛ ነው፤ ካደግሁ በኋላ ፈልጌ አገኘሁት።

ሰሌዳው የገበያችን ሁለተኛ ገበያ ሆነ። የማያነበው በሚያነበው ይሰማል። የአንዱ የጠፋች በቅሎ ኮን ላይ ተይዛለች፤ ጌታዋ ይምጣ። የሌላው የክርስትና ልጅ ፍላቂት ላይ ፈተና አልፏል። ጠጅ ትሸጥ የነበረችው ጥሩዬ ስሟን አስነብባ «ባልሽ ታሟል ያሉሽ ሐሰት ነው፤ ሰክሮ ነው» የሚል ሰማች።

«አንተ ሰይድ፣ ይህን የመሰለ ነገር ማን ጻፍ አለህ?» አለችው፣ ሰዉ እየሳቀ።

«እሱ ራሱ ነው የደወለው» አላት። «ተሳስቼ እንዳልጽፍ ሁለት ጊዜ ደገመልኝ።»

ከዚያ ጋሽ ሰይድ የማይረሳውን ስሕተት ሠራ። ታረቀኝ የሚባል ገበሬ አሞሌውን በትከሻው እንደ ያዘ አንዱን ተማሪ አንብብልኝ አለው። ተማሪው ጮክ ብሎ፣ «ለታረቀኝ፦ አባትህ ማክሰኞ አርፈዋል» ብሎ አነበበ። የጋሽ ሰይድ እጅ ጽሑፍ ነበር። ታረቀኝ ድገመው አለ። ሲደገምለት አሞሌውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠና ማንንም ሳያይ ሄደ። በዚያ ሁሉ የገበያ ሰው መካከል ክንዱን የሚይዘው አልነበረም።

በማግሥቱ መርዶ የሚያረዱት የአገሩ ሽማግሌ አያ ደምሌ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ወደ ግቢያችን መጡ። ጋሽ ሰይድ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው።

«ሰይድ ልጄ፣ እናንተ አገር መርዶ የለም ወይ?» አሉት።

«አለ እንጂ አያ። የእኛም በማለዳ ነው።»

«ታዲያ ሰውን በጠመኔ ታረዳለህ?»

ጋሽ ሰይድ አንገቱን ደፋ። «አጥፍቻለሁ» አለ። «አንቱ ሥርዓቱን ንገሩኝ፤ እኔ ከሰሌዳው ላይ እጨምረዋለሁ።»

ሦስት ቀን ያህል ሥራ ሲፈታ ከእሳቸው ጋር ተቀምጦ ሲጠይቅና ሲጽፍ አየሁት። ከሻይ ቅጠል ሣጥን ሳንቃ አንድ ጠባብ ሣጥን ሠርቶ ከሰሌዳው ሥር ቸነከረው። ከላይ ወረቀት የሚያስገባ ቀዳዳ አበጀለት፤ ከፊቱ ቁልፍ አደረገበት፤ ቁልፉንም ለአያ ደምሌ ሰጣቸው፤ እሱ ዘንድ አላስቀረም። በመስመሩ ላይ ላሉት ጓደኞቹ ሁሉ አዲሱን ሥርዓት አስተማራቸው። ሞት ሲኖር አንባቢው አስቀድሞ «ለሽማግሌ» ይላል፤ ያን የሰማ ጠመኔውን አስቀምጦ ወረቀት ያነሣል። ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ይጻፋል፤ ለማን፣ ማን ሞተ፣ ምኑ ነው፣ አራተኛውም ምን ይጠበቅ። መርዶ የምትረዳው ሴት አራስ ብትሆን፣ ሰውየው ቢታመም ወይም መንገድ ላይ ቢሆን፣ ሽማግሌዎቹ ጊዜ ይጠብቃሉ። እኔ ብዙ ተምሬ ብዙ ቢሮ አይቻለሁ፤ ያን አራተኛ መስመር የመሰለ ነገር በአንድም ቅጽ ላይ አላገኘሁም።

ሥርዓቱን በመስመሩ ላይ ለመሞከር ስሙን ለሟችነት የሚያውስ ሰው ጠፋ፤ ሟርት ነውና። በመጨረሻ በወረቀት ላይ የጥሩዬን ውሻ ገደሉት። በመጀመሪያው ቀን ከጣቢያዎቹ በአንደኛው ያለ ስልከኛ ነገሩ አልገባው ኖሮ፣ ደንበኛ በሞላበት ክፍል «ማን ሞተ ነው የምትለኝ?» እያለ ጮኸ፤ ጋሽ ሰይድም ከዚህ «አንተ ነህ የሞትኸው፤ ዝም በል» ሲለው ሰማሁ። በሦስተኛው ቀን ተሳካ። ከዚያ በኋላ አያ ደምሌ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት መጥተው ሣጥኑን ይከፍታሉ፤ ወረቀቶቹን የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ያነቡላቸዋል፤ ሊነጋጋ ሲልም ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ሰውየው ደጃፍ ይሄዳሉ። ብርቄ ሣጥኑ የሠራው አንድ ዓመት ነው ትላለች። ለእኔ ብዙ ዓመት ይመስለኛል።

ጦርነቱ መጣ። ታላቅ ወንድሜን አድማሱን ከሌሎች የአገራችን ልጆች ጋር ለሚሊሺያ ወሰዱት። ሁለት ደብዳቤ ላከ፤ ከዚያ ዝም አለ። እናቴ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ በስልክ ቤቱ በር ብቅ ትላለች።

«ዛሬስ፣ የኔ ልጅ?»

«ዛሬም የለም፣ እማማ።»

በወረዳው የፖለቲካ ኃላፊ ሆኖ የተሾመ ሰው ነበር። የአገራችን ልጅ ነው፤ ከሌላ አገር መጣ ብዬ ልጽናና አልችልም። አንድ ቀን ሣጥኑን በእስክሪብቶው እያንኳኳ «ይህ ምንድን ነው፣ ጓድ ሰይድ?» አለ።

«መርዶ ነው፣ ጓድ ኃላፊ።»

«የተቈለፈው ለምንድን ነው? ከሰፊው ሕዝብ የሚደበቅ ምን አለ?»

«ሕዝቡ ነው ቈልፍልን ያለኝ።»

ኃላፊው ሳቀ። ከዚያ ትእዛዙን ሰጠ። የሽማግሌና የባልቴት ሞት እንደ ፈለጋችሁ፤ የወታደር ሞት የሚል ወረቀት ግን ሣጥኑ ውስጥ እንዳይገባ፤ በቀጥታ ለእኔ ይምጣ፤ ግንባር ድል ላይ ነው፤ ልቅሶ የጠላት ወሬ ነው። ጋሽ ሰይድ «እሺ» አለ። ይህን ልሸሽገው አልችልም፤ እሺ ብሎ ታዘዘ። የጡረታው ስልከኛ እንደነገረኝ የአድማሱ ስም በመስመሩ ላይ ከተነበበ በኋላ ጋሽ ሰይድ ወረቀቱን ለኃላፊው አስረከበ፤ ለሦስት ሳምንት ያህልም እናቴን ዓይን ዓይኗን እያየ «ዛሬም የለም» አላት። በእሱም ተቆጥቻለሁ። ቁጣዬን ለአንድ ሰው ብቻ ሰጥቼ ብገላገል ደስ ባለኝ።

እናቴ ግን ዝም ብላ መጠበቅ አልቻለችም። አድማሱ ሲመለስ ትዳር ይጠብቀው ብላ ከወንዙ ማዶ አንዲት ልጅ አጨችለት። ልጅቱን የሚጠይቁት አያ ደምሌ ነበሩ። በዕለቱ ከግቢያችን ተመርቀው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ሁለት ሰው አስከትለው ወጡ። እኔ አጥሩ ሥር ነበርሁ። ጋሽ ሰይድ በመስኮቱ አያቸው። ስልኩ እየጮኸ ነበር፤ ትቶት ወጣ። ኮቱን አልደረበም። ከግቢው በታች ባለው ቁልቁለት ሮጦ ደረሰባቸው።

«አያ፣ እዚያ አትሂዱ» አላቸው።

«ምነው ልጄ?»

«ለሞተ ሰው ሚስት አይጠየቅም።»

አያ ደምሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ከዚያ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አሉት። የመለሰውን አልሰማሁም። የሰማሁት የእሳቸውን ነው። «አንተም ነገ ከእኛ ጋር ትቆማለህ» አሉት።

ጎህ ሲቀድ መጡ። በሰልፍ ቆመው ነበር፤ በጠርዝ በኩል ጋሽ ሰይድ አለ፤ ጋቢ ተውሶ እንደ እነሱ አጣፍቷል። እናቴ በሩን ከፍታ ፊታቸውን አየች። ጠይቃ አልጨረሰችም። ከዚያ ስለሆነው አልጽፍም፤ ክንዷን የያዙት ሰዎች ግን ነበሩ። ብርቄና እኔ ሳንከራከር የምንስማማበት ይህ አንድ ነገር ነው።

ልቅሶው ሲሰማ ኃላፊው ሁለት ታጣቂ ይዞ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። «ይህን ማን ነገራችሁ?» ብሎ ሽማግሌዎቹን ጠየቀ። አያ ደምሌ ቀና ብለው «ልጃችን ነው፤ አወቅን» አሉት። ጋሽ ሰይድ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ወረቀቱን እንዳዘዝኸኝ ለአንተ ሰጥቻለሁ። በአፌ እንዳልናገር አላዘዝኸኝም።»

ከድንኳኑ አወጡት። ሣጥኑንም በሰደፍ ሰባብረው በውስጡ የነበሩትን ወረቀቶች ኃላፊው ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። ያን ቀን ማክሰኞ ነበር፤ ሣጥኑ ገና አልተከፈተም። በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ስማቸው የተጻፈ ሰዎች መርዷቸውን ሳይሰሙ ቀሩ። አንዷን አውቃታለሁ፤ እንደ ጡረታው ስልከኛ ቃል ወረቀቷ አባቷ ማረፋቸውን፣ እሷም አራስ ናትና እንዲጠበቅ የሚል ነበር። ልጇን ክርስትና አስነሥታ ለአባቷ ድርሻ ምግብ ሰንቃ ሄደች፤ በአባቷ ደጃፍ የተቀበላት ሌላ ሰው ነበር። ጋሽ ሰይድን ወደ ደሴ ወሰዱት ተባለ። ሌላ ወሬ አልመጣም። አያ ደምሌ ወደ ወገኖቹ ሄደው ነበር፤ ግን መርዶ ለመናገር ሟች መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እሳቸውም የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ጠይቀው ተመለሱ።

ዛሬም በአገራችን ሰዎች ዘንድ፣ ሁሉም ኪሱ ውስጥ ስልክ በያዘበት ዘመን፣ ሞት የሚነግር ሰው ለቤተሰቡ አይደውልም። ለጎረቤት ይደውልና «ለሽማግሌ ነው» ይላል። የጎረቤቱም ድምፅ ወዲያው ዝቅ ይላል። ቃሉ ከየት እንደመጣ የጠየቅኋቸው ወጣቶች አያውቁም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እርግጠኛ አይደለሁም። የጡረታው ስልከኛ ሊሰናበተኝ ሲነሣ እንዲህ አለኝ። ጋሽ ሰይድ ከመያዙ በፊት በነበረው ምሽት በአሥራ አንድ ሰዓቱ ንባብ ይኸው ጡረተኛ ስልከኛ «ለሽማግሌ» ብሎ ያነበበለት ለራሱ ለሰይድ የመጣ መልእክት ነበር፤ እናቱ ሞታ ነበር። «ደንግጬ ልተወው ስል፣ አንብብ አለኝ» ይላል። «ስሟን አስደገመኝ፤ አራተኛው ምን ይባል ስለው፣ ነገ ጠዋት ሥራ አለብኝ፣ ከዚያ በኋላ ይሁን አለኝ። ሣጥኑ ውስጥ እከተዋለሁ፤ አያ ደምሌ ይንገሩኝ አለ።» ብርቄ በዚያ ሳምንት መስመሩ ተበጥሶ ነበር ትላለች፤ እኔም ባትሪ ድንጋዮቹ መስኮቱ ላይ ተደርድረው ማየቴ ትዝ ይለኛል፤ ግን የዚያ ሳምንት ይሁን የሌላ አላውቅም። ወረቀቱ መኖሩን ሊነግረኝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ የሣጥኑን ወረቀቶች ኪሱ የከተተው ኃላፊ። ዛሬ ጡረተኛ ነው፤ ጤነኛ ነው፤ አድራሻውን አግኝቼ ጻፍሁለት። በሁለት መስመር መለሰልኝ፤ የሣጥኑንም የሰውየውንም ነገር አላስታውስም ይላል።