ወንዙን የተሻገረው ቀይ ዲስክ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡15፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም

ሰማዩ ነጋ አልነጋ እያለ ነው። ሦስት ዲስክ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃና ከትናንት የተረፈ ዳቦ ይዤ ደረጃውን እወርዳለሁ። ጉዞዬ ከሰፈሬ እስከ ወንዙ ዳር ብቻ ነው። የጉዞ ማስታወሻ ለመጻፍ የግድ አውሮፕላን መሳፈር ያስፈልጋል የሚል ካለ፣ እዚህ ላይ ማንበቡን ያቁም።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ የጌታቸውን በር እንዳይሰማኝ በእግሬ ጣቶች እየተራመድኩ አለፍኩት። ጌታቸው በያጅ ነው፤ የሃያ ዓመት ጓደኛዬ። ወንዙ ዳር ባለው ጫካ የቆሙትን ዘጠኝ የብረት ቅርጫቶች ተክለ ሃይማኖት ባለው ሱቁ የሠራቸው እሱ ነው። ከክረምት ጀምሮ ሰላምታ የለንም። ጥፋቱ የማን ነው ብትሉኝ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ የሱ ነው እል ነበር። ዛሬ የምወርደው ያለ እሱ መጫወት እችል እንደሆነ ለማየት ነው።

12፡40፣ ቁልቁለቱ

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተሳልሜ ትኩስ ቦምቦሊኖ ገዛሁ።

"ዛሬም ብቻህን? ጓደኛህስ?" አለችኝ ሻጯ።

"ሥራ በዝቶበት ነው።"

ደጀ ሰላሙ ሥር ቆሜ ዋሸሁ።

አስፋልቱ አለቀ፤ ኮብልስቶኑ አለቀ፤ ከዚያ አፈር። የታክሲው ጡሩምባ ከላይ ቀረ። ጭጋግ ከወንዙ ተነሥቶ ዛፎቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ የምሄደው እርግጠኛ አይደለሁም።

1፡10፣ የመጀመሪያው ቅርጫት

ለማያውቅ ላስረዳ፦ የፕላስቲክ ዲስክ ትወረውራለህ፣ የወደቀበት ሄደህ ከዚያ ትወረውራለህ፤ ሰንሰለት ከተንጠለጠለበት ቅርጫት በጥቂት ውርወራ ያስገባ ያሸንፋል። ዲስክ ጎልፍ ይሉታል። የሰፈሩ ሰው ግን ቅርጫቶቹን ለሌላም ይጠቀምባቸዋል። ሦስተኛው ቅርጫት ላይ የታጠበ ካልሲ ተሰጥቶ አገኘሁ። አነሣሁት፣ ጨዋታዬን ጨርሼ መልሼ አሰጣሁት።

ዲስኩ ከእጅ ሲወጣ ድምፅ የለውም። ጭጋጉ ውስጥ ይገባል፤ ዝም ይላል፤ ከዚያ የሆነ ቦታ ሰንሰለቱ ቅጭልጭል ይላል። ጌታቸው ቢኖር "እጅህ ሰነፈ" ይለኝ ነበር። ናፈቀኝ።

2፡00፣ ስድስተኛው ቅርጫት

ጠባችን እዚህ ነው። ቅርጫቱ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ዲስኩ ውሃ ውስጥ ከወደቀ አንድ ተጨማሪ ውርወራ ይቆጠርብሃል። በዚያ ዝናባማ ቀን የጌታቸው ቀይ ዲስክ በረረና ጠፋ። ውሃ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ አልኩ።

"ልደታን፣ ተሻግሯል" አለ።

ተሻግረን ፈለግን፤ የለም። እኔም ሌሎቹ ተጫዋቾች በተሰበሰቡበት፣ "ለፕላስቲክ ብለህ በልደታ በሐሰት ትምላለህ?" አልኩት። ለልደታ ልጅ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ጨዋታውን ትቶ ዳገቱን ወጣ።

ዛሬ ቢጫዋን ወረወርኩ። ተሻገረች፣ ግን ወደ ግራ ታጥፋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ድንጋይ በድንጋይ እየረገጥኩ ተሻግሬ ብከተላት ከአንዲት የቆርቆሮ ጎጆ ደረስኩ። የችግኝ ጠባቂው አባባ ደስታ በር ላይ ተቀምጠዋል። ውሻቸው ከቀይ ሳህን ውሃ ይጠጣል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጠርዙ ላይ በምስማር የተጫረ "ጌ" አለ።

"አባባ፣ ይሄን ከየት አገኙት?"

"ከዚህ ሾላ ላይ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነፋስ አወረደው። ሳህን መስሎኝ። የእናንተ ነው እንዴ?"

ቀና አልኩ። ሾላው ከወንዙ ማዶ፣ ቅርጫቱ ባለበት ዳር፣ ደረቅ መሬት ላይ ነው። እኛ መሬት መሬቱን ስንፈልግ ከአናታችን በላይ ነበር።

ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ድሮ ቢሆን ድንጋይ ተሸክመህ ደጁ ትቆም ነበር" አሉኝ።

"አሁንስ?"

"አሁንማ ስልክ አላችሁ።" ውሻቸውን ዳበስ አደረጉና፣ "በስልክ ግን ጎንበስ ማለት አይቻልም፣ ልጄ" አሉ።

ቀዩን ወስጄ ለውሻው ቢጫዋን ተውኩለት። ሦስት ቅርጫት ይቀረኝ ነበር፤ አልተጫወትኩም።

3፡30፣ ሁለተኛ ፎቅ

ጭጋጉ ተገፏል። ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። አንኳኳሁ፣ ዲስኩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ አጎነበስኩ። በሩ ተከፈተ። የሚታየኝ የጌታቸው ነጠላ ጫማ ብቻ ነው።

"ተሻግሮ ነበር" አልኩ። "ሾላው ላይ ነበር። በሐሰት የተናገርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።"

ነጠላ ጫማው አልተንቀሳቀሰም።

"የሚሸከሙት ድንጋይ ነው" አለ በመጨረሻ። "ይሄማ ቀላል ነው።"

"አልቀለለኝም።"

ዲስኩን ከማጅራቴ ላይ አነሣው። "ጌ"ዋን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት፤ ከዚያ አሸተተው።

"ምንድነው የሚሸተው?"

"ውሻ ሲጠጣበት ነበር።"

በሩን ክፍት ትቶ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ እንዳጎነበስኩ ነኝ። ሲመለስ በነጠላ ጫማው ፈንታ ያ ጭቃ የለመደ ስኒከሩ መጣ።

"ስድስተኛው ላይ ነበርን" አለ ክሩን እያሰረ። "ተራው ያንተ ነው።"