ማርሊዝ ያልሞረደችው ጠርዝ

ማርሊዝ ጎሌን ሠላሳ አምስት ዓመት ሰዓት መሥሪያው ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ አውቃታለሁ፤ ባሏ እንኳ ይህን ያህል አልቆየላትም። በእጅ ሰዓት ሆድ ውስጥ ትንንሾቹን ጎማዎች ደግፈው የሚይዙ ቀጫጭን ብረቶች አሉ፤ ድልድይ እንላቸዋለን። ማርሊዝ ጠርዛቸውን በእጇ ትሞርድና በደረቀ የተራራ እንጨት አሽታ መስተዋት ታስመስለዋለች። አንዱ ድልድይ ሁለት ቀን ይፈጃል። ከዚያ ክዳኑ ይዘጋና ገዢው ዕድሜ ልኩን አያየውም። እኛ ሸለቆ ውስጥ ይህ ለምን እንደሚደረግ የሚጠይቅ እንግዳ ብቻ ነው።

ጡረታ ልትወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀራት አለቃችን ሙሲዮ ቤርኔ አንድ አሮጌ ሰዓት ይዘው መጡ። ባሏን ሬሞንን የሐይቁ በረዶ ተከፍቶ በዋጠው ክረምት የሠራችው ነው። ስሟን ያስጠራት ያ ሥራ ነው። "ሐዘን እጇን አሳመረው" ይባል ነበር፤ እኔም ብያለሁ። አለቃችን በስንብቷ ግብዣ ላይ ክዳኑን ከፍተው፣ ከጎኑ በካርድ ላይ ስሟን ጽፈው ለሰው ሊያሳዩት ፈልገዋል።

"እስቲ ይዩትና ይሁን ይበሉን፣ ማዳም ጎሌ" አሏት።

ማጉያዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። በኋላ ጠራችኝ።

"ኮሌት፣ እዚች ጥግ ላይ የቀረው ጭረት ወዴት ያጋድላል?"

"ወደ ግራ።"

"እኔ በየትኛው እጄ ነው የምሠራው?"

"ምን ነካሽ? በቀኝሽ ነዋ።"

"ታዲያ ይሄ የማን ነው?"

ሁለታችንም መልሱን እናውቀዋለን። በዚያ ዘመን በግራ እጁ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በወዲያኛው ጎኗ ይቀመጥ የነበረው ኤድጋር ኦበር። ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ማንኪያ እንኳ በደንብ አይዝም።

"ያን ክረምት ማታ ግማሹን ትቼ እሄዳለሁ፤ ጠዋት ስመጣ አልቆ አገኘዋለሁ" አለች። "ሠርቼ ረሳሁት እል ነበር። ያኔ ያልረሳሁት ምን ነበር? የሬሞንን ጫማ አድርጌ ሥራ አልገባሁም?"

"ገብተሻል።"

"ታዲያ እኔ የቱን ነው የሠራሁት?"

"ኤድጋርን ጠይቂዋ" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ሐዘንተኛ ቤት ሰው እንጨት ፈልጦ ደጁ ላይ ከምሮ ይሄዳል። ማን እንደፈለጠው ይታወቃል፣ ግን አይነሳም። ደግ ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ አሁን እንጃ።

ማርሊዝ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል። ሥራዋን አቁማ እጇን ታገላብጣለች። "ከዚያ በኋላ የሠራሽው ሠላሳ ዓመት የማን ነው? አትሞኚ" አልኳት ተናድጄ።

"እሱማ ያንን ድልድይ ለማስመሰል ስሞክር ያለፈ ነው" አለችኝ። "የኔ መስሎኝ።"

ዝም ብለሽ ምስጋናሽን ተቀበዪና ቤትሽ ግቢ አልኳት። አልሰማችኝም። በግብዣው ቀን አለቃችን ስሟን ሲጠሩ ተነሥታ "ይህ የኔ ሥራ አይደለም፣ የኤድጋር ነው" አለች። ሰው ሁሉ ከተጋበዙት ጡረተኞች ጋር ወደ ተቀመጠው ኤድጋር ዞሮ አጨበጨበ። አለቃችን እዚያው ስሟን ሰርዘው የሱን ጻፉ። ኤድጋር ግን እጆቹን በጉልበቶቹ መሀል ቀብሮ ፊቱ ቀላ። በእንጨት ሣጥኑ እንዳለ ምድጃ ገብቶ በትኩሱ የሚበላው የሸለቆአችን አይብ ተጋግሮ ከመምጣቱ በፊት ኮቱን ለብሶ ወጣ።

"ምን አጠፋሁ? የሰውየውን መለስኩለት እንጂ" አለችኝ ማርሊዝ። እኔም ምን እንዳጠፋች አላውቅም፤ ግን አንድ ነገር እንደጠፋ ታውቆኛል።

በማግስቱ ቀትር ላይ ከተረፈው አንዱን ሣጥን አይብ አሙቀን ቤቱ ይዘን ሄድን። በሩን ራሱ ከፈተ።

"ተቀየምከኝ፣ ኤድጋር?"

"ምን ያስቀይመኛል?"

"ታዲያ ለምን ሄድክ?"

ግራ እጁን በቀኙ ያዘ። "አርባ ዓመት ስሠራ፣ ማንም አይቶ 'የኤድጋር ነው' ያላለው ያንን ብቻ ነው። አንቺን ለመምሰል ስንት ድልድይ እንዳበላሸሁ ታውቂያለሽ? ላንቺ ነበር የሠራሁት። ይኸው ስጦታዬን መለስሽልኝ።"

"እኔን ለመምሰል?" አለች ማርሊዝ። "እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ የኖርኩት ያንን ስመስል ነው።"

ተያዩ። እኔ መሀላቸው ቆሜ ማን ማንን እንደመሰለ ለማሰብ ሞከርኩና ተውኩት። ኤድጋር ግቢም አላላት፣ ሂጂም አላላት፤ አይቡም በእጇ እንደያዘችው በረደ።